ደጋፊው ቀረ ወይስ እንዲቀር ተደረገ? የኦክላንድ ኤይስ የመጨረሻ ዓመት

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ሴፕቴምበር 26፣ 2024። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የኦክላንዱ የቤዝቦል ቡድን ጨዋታ የተጀመረው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ቡድኑ ደግሞ ወደ ጥሎ ማለፉ የመግባት ተስፋው ካለቀ ሰንብቷል። ማሸነፉም መሸነፉም በሠንጠረዡ ላይ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። እንዲያም ሆኖ 46,889 ሰው ኮሊሲየም የሚባለውን፣ በካሊፎርኒያ ያለውን የኦክላንድ ስታዲየም ሞላው። በዚያው ዓመት ለአንድ ጨዋታ በአማካይ ይገባ የነበረው ሰው 11 ሺህ ገደማ ነበር።

ኦክላንድ አትሌቲክስ፣ ሰዉ ባጭሩ «ኤይስ» የሚለው የቤዝቦል ቡድን፣ በከተማው የመጨረሻ ጨዋታውን እያደረገ ነበር። ተጋጣሚው ቴክሳስ ሬንጀርስ ነው። የመክፈቻዋን ኳስ የወረወሩት የክለቡ የቀድሞ ጀግኖች ሪኪ ሄንደርሰንና ዴቭ ስቱዋርት ናቸው። ኤይስ 3 ለ 2 አሸነፈ። የመጨረሻዋን ኢኒንግ፣ ማለትም የጨዋታውን የመጨረሻ ዙር፣ የዘጋው ወርዋሪው ሜሰን ሚለር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ ማርክ ኮትሴ ማይክ ይዞ ሜዳ ላይ ቆመና ሕዝቡን አመሰገነ። ከዚያም የከተማዋን ስም ከደጋፊው ጋር አብሮ እየጠራ ጨፈረ። የሜዳው ሠራተኞች አፈር እየጨለፉ ለደጋፊዎች ሰጡ። ሰዎች ያንን አፈር በኩባያና በላስቲክ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አፈር ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ስለ ቤዝቦል ብቻ ላወራ አይደለም። ስለ ኤይስ መሄድ በብዙ ቦታ የሚነገረው ማብራሪያ አንድ ነው፤ «ሕዝቡ ስታዲየም አልገባ አለ፣ ቡድኑም ሄደ» የሚል። አጭርና የሚያሳምን ይመስላል። ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የተዳከመው ቡድኑ ነው። ሕዝቡ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ የሕዝቡ መቅረት ለመሄጃ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የ2024ን የውድድር ዘመን በትክክል ማንበብ የሚቻለው ይህን ቅደም ተከተል ይዞ ነው።

ከውጤቱ ልጀምር። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ 81ዱ በራሱ ሜዳ ነው። ኤይስ በ2024 69 አሸንፎ 93 ተሸነፈ። በአምስት ቡድኖች ምድብ አራተኛ ወጣ። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ደካማ ነው። ካለፈው ጋር ሲተያይ ግን ትልቅ መሻሻል ነው። በ2022 102 ጊዜ ተሸንፈው ነበር። በ2023 ደግሞ 50 አሸንፈው 112 ተሸነፉ። ስለዚህ በአንድ ዓመት 19 ድል ጨምረዋል ማለት ነው።

ያሻሻሉትም ልጆች ማንም ብዙ ያልጠበቃቸው ናቸው። ብሬንት ሩከር ሌሎች ክለቦች ሳይፈልጉት ከቀሩ በኋላ የመጣ ተጫዋች ነው። በዚያ ዓመት 39 ሆም ራን (ኳሷ ከሜዳው አጥር በላይ የምትወጣበት ምት) መታ። 112 ነጥብም አስገባ። ሎውረንስ በትለር በዓመቱ መጀመሪያ ተቸግሮ ወደ ታችኛው ሊግ ተልኮ ነበር። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰና 22 ሆም ራን ይዞ ጨረሰ። ሜሰን ሚለር በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ኳስ እየወረወረ 28 ጨዋታ ዘጋ፤ ለኮከቦች ጨዋታም ተመረጠ። ከጁላይ ወዲህ ቡድኑ የሚያሸንፈውና የሚሸነፈው ተቀራርቦ ነበር። እነዚህ ልጆች የተጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ወንበር እያዩ ነው። ከዓመቱ በኋላ የት እንደሚኖሩ እንኳ ሲጀምሩ አያውቁም ነበር። ለጊዜው ወደ ሳክራሜንቶ ከተማ እንደሚሄዱ የተነገራቸው ውድድሩ ከተጀመረ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 4 ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ 69 ጨዋታ ማሸነፍ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

ኤይስ ኦክላንድ የገባው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ፊላዴልፊያ፣ ቀጥሎም ካንሳስ ሲቲ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ በ57 የውድድር ዘመን አራት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ብለው የሚጠሩትን ወርልድ ሲሪስ ወሰደ። በ1972፣ በ1973 እና በ1974 በተከታታይ፣ ከዚያም በ1989። ሳን ፍራንሲስኮ ከኦክላንድ በድልድይ ብቻ የምትለይ ሀብታም ጎረቤት ናት። ኦክላንድ የወደብ ከተማ ነች፤ የሠራተኛ ከተማ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የገነነባት ከተማ። በቴሌግራፍ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶችን የሚያውቅ አንባቢ የከተማዋን መንፈስ ያውቀዋል። ስደተኛ ገብቶ ሱቅ የሚከፍትባት፣ ታክሲ የሚነዳባት፣ ልጅ የሚያሳድግባት ቦታ ናት። ኤይስ የዚህች ከተማ ቡድን ነበር። ትኬቱም ርካሽ ነበር። ከባቡር ወርዶ በድልድዩ ላይ አልፎ በቀጥታ ስታዲየም መግባት ይቻል ነበር።

«ሕዝቡ አይመጣም» የሚለውን ይህ ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል። በ1990 በዓመት 2.9 ሚሊዮን ሰው ገብቷል። ይህ በዚያው ኮሊሲየም፣ በዚያው ከተማ ነው። ቅርቡንም እንይ። በ2018 እና በ2019 ቡድኑ በየዓመቱ 97 ጨዋታ አሸነፈ። በ2019 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ። ስታዲየሙ ያኔም ያረጀ ነበር። አካባቢውም ያው ነው። የተለየው ሜዳ ላይ ያለው ቡድን ነው። በ2020 ደግሞ ምድባቸውን አሸንፈው ጨረሱ።

ከዚያ ምን ሆነ? ቡድኑ አንድ በአንድ ተበተነ። ማርከስ ሴሚየን እዚያው አካባቢ ያደገ ልጅ ነው፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ተለቀቀ። የ2021 ውድድር እንዳለቀ አሰልጣኙ ቦብ ሜልቪን ወደ ሳንዲያጎ እንዲሄድ ተፈቀደለት። በ2022 ማርችና ኤፕሪል ማት ኦልሰን ወደ አትላንታ፣ ማት ቻፕማን ወደ ቶሮንቶ፣ ክሪስ ባሲት ወደ ኒውዮርክ፣ ሾን ማናያ ወደ ሳንዲያጎ ተላኩ። በዚያው ክረምት ፍራንኪ ሞንታስ ተከተለ። በዓመቱ መጨረሻ ሾን መርፊ ሄደ። በዚሁ ጊዜ የትኬት ዋጋ ተጨመረ። እስኪ አስቡት። ልጃችሁ የሚወደውን ተጫዋች ሸጠውበት፣ ቀጥለው ትኬቱን ያስወድዱባችኋል። እናንተ ብትሆኑ ትሄዳላችሁ?

ሰዉ አልሄደም። በ2022 ከ800 ሺህ ያነሰ ሰው ገባ። በ2023 ከ30ዎቹ ክለቦች ሁሉ ትንሹን ደመወዝ የከፈለው ኤይስ ነው፤ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ሜትስ ከ300 ሚሊዮን በላይ ከፍሏል። ታዲያ 112 ሽንፈት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማብራራት አለብኝ። እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ነገሩ ግራ ያጋባል። በእግር ኳስ ክለብህን ካዳከምክ ትወርዳለህ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ትገባለህ፣ ገቢህ ይቀንሳል፣ ትቀጣለህ። በአሜሪካ ቤዝቦል መውረድ የሚባል ነገር የለም። 30 ክለብ አለ፤ 112 ጊዜ ተሸንፈህም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነህ። ከብሔራዊው የቴሌቪዥን ገቢ እኩል ድርሻ ታገኛለህ። በዚያ ላይ ሀብታሞቹ ክለቦች ለደካሞቹ የሚያካፍሉት ገንዘብ አለ። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ሆኖም ክለቡ አይከስርም። የክለቡ ዋጋ ደግሞ ማንም ባይገባም ይጨምራል። የኤይስ ባለቤት ጆን ፊሸር በ2005 ከሸሪኩ ከሉ ዎልፍ ጋር ክለቡን የገዛው በ180 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፊሸር የጋፕን ልብስ መደብሮች የመሠረቱት ቤተሰብ ልጅ ነው። በ2023 ፎርብስ የክለቡን ዋጋ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብሎ ገምቶታል። ቡድኑ በጣም የተሸነፈበት ዓመት ማለት ነው።

ሌላም አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ኢትዮጵያ ቡና ነገ ስሙን ይዞ ሌላ ከተማ ቢገባ ምን ይሰማናል? ማሰቡም ይከብዳል። በአሜሪካ ግን ቡድን የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ሌሎቹ ባለቤቶች ከፈቀዱለት አንስቶ መሄድ ይችላል። የቤዝቦል ሊግ ደግሞ ከሌሎች ስፖርቶች የበለጠ ጥበቃ አለው። በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤዝቦልን ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ነፃ አደረገው። ያ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በኋላም እየሠራ ነው። ኤይስ ወደ ሳን ሆዜ ለመሄድ ፈልጎ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ «ክልሌ ነው» ብሎ ከለከለ። ሳን ሆዜ ከሰሰች። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ። ማለትም የት እንደሚጫወት የሚወስኑት 30 ባለቤቶች ብቻ ናቸው። ከተማው ድምፅ የለውም፤ ደጋፊውም እንደዚያው።

ደጋፊው ድምፅ እንደሌለው ሲገባው አንድ የማልረሳው ነገር አደረገ። ጁን 13፣ 2023 ማክሰኞ ማታ ነው። ቡድኑ በሊጉ መጨረሻ ላይ ነበር። ተጋጣሚው ታምፓ ቤይ ደግሞ ያኔ በሊጉ አንደኛ ነበር። ደጋፊዎቹ «የተገላቢጦሽ አድማ» ጠሩ። አድማ ሲባል መቅረት ነው፤ የእነሱ ግን መምጣት ነበር። እኛ አለን፣ እንመጣለን፤ ያራቀን ባለቤቱ ነው ብለው ሊያሳዩ ፈለጉ። 27,759 ሰው መጣ። ብዙዎቹ የለበሱት አረንጓዴ ካናቴራ ላይ «ሽጥ» የሚል አንድ ቃል ተጽፎበታል። በአምስተኛው ኢኒንግ ላይ ስታዲየሙ በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ባንዴ «ቡድኑን ሽጥ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ኤይስም 2 ለ 1 አሸነፈ። ለሰባተኛ ተከታታይ ጊዜ ነበር።

በዚያኑ ዕለት ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ሴኔት፣ ኤይስ ሊዛወርበት ላሰበው የላስ ቬጋስ ስታዲየም የሕዝብ ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ አጸደቀ። በማግሥቱ የታችኛው ምክር ቤት አጸደቀው። በሦስተኛው ቀን ገዢው ጆ ሎምባርዶ ፈረመ። የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ ስለዚያ ማታ ሲጠየቅ፣ ለአንድ ማታ የሊጉ አማካይ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሕዝብ ማየት ደስ ይላል የሚል መልስ ሰጠ። ይህ መልስ ብዙ የኦክላንድ ሰው እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። እኔም ሳነበው ተናድጃለሁ። ሃያ ሰባት ሺህ ሰው ያለውን ሁሉ ጮኾ ተናግሮ፣ የተሰጠው መልስ የቁጥር ንጽጽር ነበር።

ለፍትሕ ያህል የሌላውን ወገን ነገርም ላንሳ። ኮሊሲየሙ በእርግጥ አርጅቶ ነበር። በ1966 የተከፈተ፣ ለቤዝቦልም ለአሜሪካ ፉትቦልም ተብሎ የተሠራ ስታዲየም ነው። በ2013 የፍሳሽ ቧንቧ ፈንድቶ የተጫዋቾች ክፍል ውስጥ ገብቷል። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሬይደርስ የተባለውን የፉትቦል ቡድን ለመመለስ ሲባል በሜዳው ጀርባ ትልቅ የወንበር ግንብ ተገነባ። ከዚያ በፊት ከወንበርህ ሆነህ የኦክላንድን ኮረብታዎች ታያለህ። ከዚያ በኋላ የምታየው ሲሚንቶ ነው። ለዚያ ግንባታ የከተማውና የአውራጃው ግብር ከፋይ ለረጅም ዓመታት ዕዳ ከፍሏል። ሬይደርስ ግን በ2020 ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የቅርጫት ኳሱ ዋርየርስ ድልድዩን ተሻግሮ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ስለዚህ ኦክላንድ ለኤይስ ገንዘብ ለማውጣት ብትጠነቀቅ አይፈረድባትም። አንዴ ተቃጥላለች።

እንዲያም ሆኖ ከተማዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ኤይስ በ2018 መጨረሻ ሃዋርድ ተርሚናል በሚባል የወደብ ቦታ 35,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሊሠራ ዕቅድ አወጣ። ከስታዲየሙ ጋር ቤቶች፣ ቢሮዎች፣ ሆቴል ያለበት 12 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ፕሮጀክት ነው። ችግሩም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። የቀረበው የኳስ ሜዳ ብቻ ሳይሆን አዲስ ሰፈር ነበር። ትርፉ ያለው ከመሬቱ ላይ ነው። ክለቡ በዚያ ጊዜ «ኦክላንድ ውስጥ ሥር ሰደናል» የሚል መፈክር ይዞ ነበር፤ የተተከልንበት ቦታ እዚህ ነው ማለቱ ነው። ጎን ለጎን ግን ከላስ ቬጋስ ጋር ይነጋገር ነበር። ከተማዋ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት የሚሆን ገንዘብ ከክፍለ ግዛቱና ከፌዴራል መንግሥት እያሰባሰበች ሳለች፣ ኤፕሪል 2023 ላይ ክለቡ በላስ ቬጋስ መሬት ለመግዛት መስማማቱን አሳወቀ። ከንቲባዋ ሸንግ ታዎም ድርድሩን አቆሙ።

ኖቬምበር 16፣ 2023 የ30ዎቹ ክለቦች ባለቤቶች ኤይስ ወደ ላስ ቬጋስ ይዛወር አይዛወር በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። 30 ለ 0። አንድም ተቃውሞ አልነበረም። ሊጉ ክለብ ሲዛወር ሊጠይቅ የሚችለውን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክፍያ እንኳ ተወለት። ለምን ቢባል፣ እያንዳንዱ ባለቤት ነገ ከራሱ ከተማ ጋር ይደራደራልና ነው። «ካልሠራችሁልኝ እሄዳለሁ» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው አንዳንዴ የሚሄድ ሰው ሲኖር ነው። በኤፕሪል 2024 በካንሳስ ሲቲ ያሉ መራጮች ለስታዲየም የሚውል የሽያጭ ግብር በድምፅ ውድቅ አድርገዋል። ቺካጎ ዋይት ሶክስም በዚያው ዓመት የሕዝብ ገንዘብ ፈልጎ ነበር። እነዚህ ከተሞች ሲደራደሩ የኦክላንድ ስም ጠረጴዛው ላይ ነው።

የኔቫዳው ገንዘብ እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ከዚህ 180 ሚሊዮኑ ክፍለ ግዛቱ በግብር ክሬዲት የሚሰጠው ነው። ቀሪው በአብዛኛው አውራጃው ቦንድ ሸጦ የሚያመጣው ነው። ስታዲየሙን የሚቃወሙ የመምህራን ቡድኖች ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ ብለው ነበር። በሜይ 2024 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአቤቱታቸው አጻጻፍ ጉድለት አለበት ብሎ ዘጋው። መራጩ ስለዚህ አልተጠየቀም። ላስ ቬጋስ ውስጥ በሆቴልና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስታዲየሙ ሥራ ያመጣል ይባላል። ግንባታው እስኪያልቅ በእርግጥ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አብዛኞቹ የስታዲየም ጉዳይ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ይጠራጠራሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ለቤዝቦል የሚያወጣው ገንዘብ አለዚያ ሲኒማ ወይም ምግብ ቤት ያወጣው የነበረ ገንዘብ ነው። አዲስ ገንዘብ አልተፈጠረም፤ ቦታ ነው የቀየረው። ላስ ቬጋስ ቱሪስት ስለሚበዛባት ትለያለች የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

የላስ ቬጋሱ ሜዳ የሚከፈተው በ2028 ነው ተብሏል። እስከዚያ ቡድኑ የት ይጫወት? ኦክላንድ ለተወሰኑ ዓመታት ለማከራየት ተደራድራ ነበር። አልተስማሙም። ቡድኑ ወደ ዌስት ሳክራሜንቶ ሄደ። ለምን እዚያ እንደሆነ ለመረዳት የቴሌቪዥን ውሉን ማየት ይበቃል። ክለቡ ከአካባቢው ጣቢያ ጋር ያኔ የነበረው ውል በዓመት ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ እንደነበር ተዘግቧል። ያ ገንዘብ ቡድኑ በሰሜን ካሊፎርኒያ መቆየቱን ይፈልጋል። ሳክራሜንቶ ከዚያ ክልል አትወጣም።

የሳክራሜንቶው ሜዳ የታችኛው ሊግ ቡድን ሜዳ ነው። የሚይዘው 14,000 ገደማ ሰው ነው። የተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ከመቀመጫቸው ጀርባ ሳይሆን ከሜዳው ማዶ ነው። የበጋው ሙቀት ከባድ ነው። በማርች 31፣ 2025 የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በቺካጎ ከብስ 18 ለ 3 ተሸነፉ። በስማቸው ላይ የከተማ ስም የለም። «አትሌቲክስ» ብቻ ነው። የሳክራሜንቶን ስም ለሦስት ዓመት እንኳ አልወሰዱም።

የአገር ውስጥ ሜዳ ማጣትን እኛም እናውቀዋለን። ጁን 2022 ላይ ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የእኛ ስታዲየሞች ደረጃውን ስላላሟሉ ነው። ያ ደስታ በአዲስ አበባ ስታዲየም ቢሆን ምን ይመስል ነበር? የኦክላንድ ሰው በ2025 ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲያይ የተሰማው ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ምክንያቱም ቡድኑ መሻሻሉን ቀጠለ። በ2025 76 አሸንፎ 86 ተሸነፈ። ኒክ ከርትዝ የሚባል ወጣት መጣ። ጁላይ 25 ላይ በሂውስተን ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ሆም ራን መታ። በቤዝቦል ታሪክ ይህን ያደረገ ጀማሪ ከእሱ በፊት የለም። የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪም ተባለ። በኦክላንድ «የለም» ይባል የነበረው ገንዘብም ተገኘ። ለወርዋሪው ሉዊስ ሴቬሪኖ የሦስት ዓመት 67 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠው። ሩከር 60 ሚሊዮን፣ በትለር 65.5 ሚሊዮን ፈረሙ። ይህ ሁሉ ቡድኑ ከኦክላንድ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ክለቦች ገንዘብ የሚቀበል ክለብ ያንን ገንዘብ ለቡድኑ ማሻሻያ እንዲያውል የሊጉ ስምምነት ያስገድዳል፤ ባለቤቱን የገፋው አንዱ ነገር ይህ ነው። ቢሆንም መክፈል ይቻል እንደነበር ታየ። ሜሰን ሚለር ግን በጁላይ 2025 መጨረሻ ወደ ሳንዲያጎ ተላከ። የኦክላንድን የመጨረሻ ጨዋታ የዘጋው ልጅ።

በ2025 ለአንድ ጨዋታ የገባው ሰው ደግሞ በአማካይ 9,500 አካባቢ ነበር። ኦክላንድ «በቂ አይደለም» በተባለበት በ2024 ከነበረው ያነሰ ነው። ሜዳው ራሱ ትንሽ ስለሆነ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። ነገር ግን ሜዳው ሞልቶም አይደለም 9,500 የሆነው።

ሪኪ ሄንደርሰን ይህን ሁሉ አላየም። ዲሴምበር 20፣ 2024 ሞተ። 66ኛ ዓመቱን ሊያከብር አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ኦክላንድ ያደገ ልጅ ነው። በሙያ ዘመኑ 1,406 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ደርሷል፤ ሁለተኛ የሆነው ሰው ሺህ እንኳ አልሞላም። ኮሊሲየም ውስጥ ሜዳው በስሙ ተሰይሟል። የመጨረሻዋን ጨዋታ ኳስ ወርውሮ ከከፈተ ሦስት ወር ሳይሞላው ነው የሄደው። ብዙ ደጋፊ ሁለቱን ሐዘን ለይቶ ማልቀስ አልቻለም።

ኦክላንድ ግን ቤዝቦል አልተወችም። በ2024፣ ኤይስ ሊሄድ በተነሳበት ዓመት፣ ኦክላንድ ቦለርስ የሚባል አዲስ ቡድን መጫወት ጀመረ። የሚጫወተው ከሜጀር ሊግ ውጭ በሆነ ፓዮኒር ሊግ በሚባል ትንሽ ሊግ ነው። ሜዳው በዌስት ኦክላንድ ያለው ሬይሞንዲ ፓርክ ነው። ሜዳው ተጥሎ የቆየ ነበር፤ ቡድኑ አድሶት ገባ። ኮሊሲየሙም ቢሆን ባዶውን አልቀረም። በማርች 2025 ኦክላንድ ሩትስ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ እዚያ የመክፈቻ ጨዋታውን ሲያደርግ ከ26 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ስለ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እግር ኳስ ነው የማወራው። «ሰው አይመጣም» በተባለበት ስታዲየም።

በ2025 ቦለርስ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ለከተማዋ ቤዝቦል ከ1989 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ቡድኑ የአክሲዮን ድርሻ ለደጋፊ ሸጧል። ከ2,000 በላይ ሰዎች ገዝተዋል። ገዢዎቹ በቦርዱ ውስጥ ወኪል አላቸው። በትልልቅ ጉዳዮች ላይም ሐሳብ ይሰጣሉ። ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱ ቡድኑ ከኦክላንድ ይውጣ አይውጣ የሚለው ነው።